ለቁጠባና ብድር ማኅበር የመረጃ ሥርዓት፦ ከጥር ተነሥቶ ሐምሌ 1 ይደርሳል ወይ? (ጎንደር)

ቀሃ_ማዶ | ጥር 14፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች፣ እንኳን ከጥምቀት በሰላም መለሳችሁ።

ጉዳዩ ይኸ ነው። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፤ ዋና ቢሮው ፒያሳ፣ ቅርንጫፉ አዘዞ። አባላቱ 1,800፣ ተከፍለው ያላለቁ ብድሮች 620። ሂሳቡ በሦስት ቦታ ይያዛል፦ በአባላት ሌጀር ካርድ፣ በደረሰኝ ጥራዝ እና ሂሳብ ሹሙ በሚሠራው ኤክሴል። አብዛኛው አባል የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ቁጠባው ከደመወዝ ተቀንሶ ከየመሥሪያ ቤቱ በዝርዝር ይመጣል፤ ነጋዴዎቹ በመስኮት ይከፍላሉ። የሥራ አመራር ኮሚቴው ሐምሌ 1 በአዲስ ሥርዓት ሥራ እንዲጀመር ወስኗል።

ጊዜው ይበቃል ወይ? ከምን ይጀመር? አዲስ ይሠራ ወይስ የተሠራ ይወሰድ? ደግሞ ከተጀመረ በኋላ ማን ይይዘዋል? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉ ለሌሎች ማኅበራትም ይጠቅማል።

ጃንተከል_ሥር | ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡02

ሐምሌ 1 መመረጡ ልክ ነው። የበጀት ዓመቱ ስለሚጀምር የዞረው ሂሳብ (ከአሮጌው መዝገብ ወደ አዲሱ የሚተላለፈው ቀሪ) ከዓመቱ መዝጊያ ጋር አብሮ ይታያል። ጊዜውን የሚበላው ግን ፕሮግራሙ አይደለም፤ የዞረው ሂሳብ ነው። ሥርዓቱ የተሳሳተ ቀሪ ይዞ ከተነሣ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው ሪፖርት ሁሉ ስሕተት ነው። አባሉም አንዴ «ኮምፒዩተሩ ገንዘቤን አጎደለው» ካለ ነገሩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ገና ሳይመረጥ፣ በዚህ ሳምንት የሂሳብ ማስታረቁን ጀምሩ።

የ1,800ውን ካርድ ቀሪ ደምራችሁ በዋናው ሌጀር «የአባላት ቁጠባ» ከሚለው ሂሳብ ጋር አነጻጽሩ። አይገጥምም፤ አትደንግጡ፣ ልዩነቱን መርምሩት። ልዩነቱ ያለ ቀሪ ለ9 ከተካፈለ ብዙውን ጊዜ አኃዝ ተገለባብጧል፦ 540 መባል ያለበት 450 ሲጻፍ ልዩነቱ 90 ነው። ዜሮ ሲጨመርም እንዲሁ ነው፤ 200 የነበረው 2,000 ሲሆን ልዩነቱ 1,800፣ ለ9 ይካፈላል። ልዩነቱን ለሁለት ስታካፍሉት የሚመጣው ቁጥር በአንድ ደረሰኝ ላይ ከተገኘ ደግሞ ገቢው በወጪ በኩል ተመዝግቧል ማለት ነው። ከነዚህ ውጭ የሆነው በአብዛኛው ሞክሼ ስም ነው፤ የአንዱ ከበደ አለሙ ገንዘብ በሌላው ከበደ አለሙ ካርድ ላይ ይገኛል። ያን ጊዜ ድምሩ ይገጥማል፣ ሁለቱም ካርዶች ግን ስሕተት ናቸው። ድምር ገጠመ ብላችሁ የማትለፉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ቀሪውን አይቶ የሚፈርምበት ቅጽ ያስፈልጋል፦ የቁጠባ ቀሪ፣ የዕጣ (የአክሲዮን) ብዛት፣ የብድር ቀሪ፣ ዋስ የሆነላቸው ሰዎች ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። የመንግሥት ሠራተኞቹን በየመሥሪያ ቤታቸው ባለው ተወካይ በኩል ማዳረስ ይቻላል። ያልፈረመው ሁሉ በስም ዝርዝር ተለይቶ ለቁጥጥር ኮሚቴው ይተላለፍ።

ቁስቋም_7 | ጥር 14፣ ከምሽቱ 4፡25

ጋሼ ጃንተከል የተናገሩትን እደግፋለሁ። ከእሱ ጎን ለጎን የሚሄደው የፍላጎት ጥናት ነው። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ለሁለት ሰዓት ተቀምጦ «ምን ትፈልጋላችሁ» ብሎ መጠየቅ ጥናት አይደለም። በመስኮቱ በኩል ከገንዘብ ያዧ አጠገብ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቀመጡ፤ አንዱ ተራ ቀን፣ አንዱ ደመወዝ የሚወጣበት ሰሞን፣ አንዱ የወር መዝጊያ ይሁን። በሥራ ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ ኮፒ ያድርጉ፦ የአባልነት ማመልከቻ፣ የገቢ ደረሰኝ፣ የወጪ ቫውቸር፣ የብድር ውል፣ የዋስትና ቅጽ፣ ለኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የሚላከው ሪፖርት። በየቅጹ ጠርዝ በእስክሪብቶ የተጨመረ ነገር ካለ እሱን አትለፉት፤ ቅጹ ላይ ቦታ ያጣ እውነተኛ ፍላጎት ማለት ነው።

ከዚያ ደንቡን ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ስለ ወለድ ምን ይላል? ቃል በቃል ብትጽፊልን ጥሩ ነው።

ቀሃ_ማዶ | ጥር 15፣ ከጠዋቱ 2፡40

«ብድር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል» ይላል፤ ሌላ የለም። ለማዘግየት ቅጣት አለው፤ በምን ላይ እንደሚሰላ ግን አልተጻፈም።

ቁስቋም_7 | ጥር 15፣ ከጠዋቱ 3፡15

እንግዲያው ሥራው እዚህ ላይ ነው። 60,000 ብር ለ24 ወር በ15 በመቶ እንውሰድ።

ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ እስከ መጨረሻው ከታሰበ 18,000 ብር ነው። በቀሪው ላይ ሆኖ በየወሩ እኩል ዋና ገንዘብ፣ ማለትም 2,500 ብር ከነወለዱ ከተከፈለ፣ ጠቅላላ ወለዱ 9,375 ነው። በቀሪው ላይ ሆኖ ወርሐዊ ክፍያው ሁልጊዜ እኩል ከሆነ ደግሞ በወር 2,909 ብር ከ20 ሳንቲም ይመጣል፤ ወለዱም 9,820 ብር ገደማ ይሆናል። ሦስቱም «15 በመቶ» ናቸው። ፕሮግራመሩ ሳይጠይቅ አንዱን ይመርጣል፤ ሂሳብ ሹሙ በኤክሴል ሲሠራበት የኖረው ሌላው ከሆነ ሁሉም ብድር ላይ ልዩነት ይወጣል። ኤክሴሉን ክፈቱና የትኛው ቀመር እንደተጻፈ እዩ፤ ከዚያ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ያጽድቀው።

ጳጉሜንም እንዳትረሱ። ቁጠባው በዓመት 12 ጊዜ ነው፤ ብድር ነሐሴ 28 ወስዶ መስከረም 5 የሚመልስ ሰው ግን የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ወለድ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? የመክፈያ ቀኑ ጳጉሜን ውስጥ ሊውል ይችላል ወይ? ሁለቱም መልስ ይሠራል። ሳይወሰን ማለፍ ብቻ ነው የማይሠራው። ቅጣቱም በዘገየው ክፍያ ላይ ነው ወይስ በቀሪው ብድር ሁሉ ላይ? የእፎይታ ቀን አለው? ገንዘብ ሲገባ በቅድሚያ የሚሸፈነው ቅጣቱ ነው፣ ወለዱ ነው ወይስ ዋናው?

እነዚህን አንድ በአንድ ጽፋችሁ ለእያንዳንዱ ደንብ በእጅ የተሠራ ምሳሌ ከነመልሱ አያይዙ። 20 ያህል ምሳሌ ይበቃል። ነገ ፕሮግራሙን የምትፈትኑት በነዚሁ ነው።

አንገረብ_ዳታ | ጥር 15፣ ከቀኑ 7፡50

ስለ ዳታቤዙ፣ መረጃው ሁሉ ስለሚቀመጥበት ቋት ልጨምር፤ በአገራችን መረጃ ላይ ከውጭ የመጣ ሥርዓት የሚሰናከልባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

ስም። ሦስት ሳጥን ያስፈልጋል፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። የቤተሰብ ስም የሚባል ሳጥን ካለ አንዱ ጸሐፊ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ይጽፍበታል። ቀጥሎ የፊደል ነገር አለ፦ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለኮምፒዩተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ስሙ በመታወቂያው እንዳለ ይቀመጥ፤ ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ይኑር። እዚያ ውስጥ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ሁሉም ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ዓ፣ ኣ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ ከነዝርያቸው ይለወጡ። ክፍተትም ይውጣ፤ «ኃይለ ማርያም» እና «ኃይለማርያም» አንድ እንዲሆኑ። አሕጽሮት ግን በማሽን አይፈታም፤ «ወ/ማርያም» ወልደማርያምም ወለተማርያምም ሊሆን ይችላል፣ «ተ/» ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል። ካርዱ ላይ እንዲህ የተጻፈውን ሁሉ ሰው ጠይቆ ይሙላው።

ቀን። ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀን ብቻ ይቀመጥ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ሲታይና ሲጻፍ ይሁን። በተከታታይ የቀን ቁጥር (ቀኖችን ከአንድ መነሻ አንሥቶ ያለማቋረጥ በሚቆጥረው፣ ጁልያን ቀን በሚባለው) የሚሠራ ይህን ቀመር ይጠቀም፦

1,724,221 + 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4፣ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ) + 30 × (ወር − 1) + (ቀን − 1)

ለመስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 2,454,356 ይሰጣል፤ ይኸም በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ይሆናል። ፕሮግራሙን ስትፈትኑ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን አስገቡ፤ ካልተቀበለ ወይም ወደ መስከረም ከገፋው የቀን ኮዱ ተበላሽቷል። ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ደግሞ መቀበል የለበትም።

ሰዓት። ደረሰኝ ላይ «8፡30» ብቻ አይታተም፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ፣ በፈረንጆቹ ከጠዋቱ ሊሆን ስለሚችል የትኛው እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።

ገንዘብ። በአሥርዮሽ ትክክለኛ ዓይነት፣ በሁለት ቤት ይቀመጥ። ተንሳፋፊ ነጥብ የሚባለው ዓይነት 0.10ን በትክክል መያዝ ስለማይችል ብዙ ሂሳብ ሲሠራበት ሳንቲም ሊዛባ ይችላል።

ከሁሉም በላይ፦ የተመዘገበ ደረሰኝ አይሰረዝ፣ አይታረም። ስሕተት ከተገኘ በተቃራኒ ምዝገባ ይሻር፣ ትክክለኛው እንደ አዲስ ይግባ። የአባሉ ቀሪ የምዝገባዎቹ ድምር ይሁን፤ ለብቻው ተቀምጦ ሰው የሚያርመው ቁጥር አይሁን። «ቀሪውን አስተካክል» የሚል ቁልፍ ያለው ፕሮግራም ካሳዩአችሁ አትውሰዱት።

ቀሃ_ማዶ | ጥር 15፣ ከምሽቱ 1፡30

የፋይዳ ቁጥርን የአባል መለያ ብናደርገውስ?

አንገረብ_ዳታ | ጥር 15፣ ከምሽቱ 2፡05

አይሁን። ማኅበሩ የራሱን የአባል ቁጥር ይስጥ፣ ፋይዳው ከጎኑ እንደ አንድ መረጃ ይቀመጥ። ሁሉም አባል ላይኖረው ይችላል፤ በየደረሰኙ ላይ መታተሙም ጥሩ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ለሥራው የማያስፈልግን የግል መረጃ መሰብሰብና ማሰራጨት በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ነው።

ሲቀመጥም በጽሑፍ ዓይነት እንጂ በቁጥር ዓይነት አይሁን። ኤክሴል 12 አኃዙን በሳይንሳዊ አጻጻፍ አሳጥሮ ያሳያል፤ 16 አኃዝ ያለውን ደግሞ የመጨረሻዋን አኃዝ ዜሮ ያደርጋታል፣ ምክንያቱም ከ15 አኃዝ በላይ በትክክል አይዝም። ስልክም እንዲሁ ነው፤ በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው የፊት ዜሮውን ያጣል።

ማራኪ_ኔት | ጥር 15፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ በዕቃውና በመብራቱ በኩል ልናገር።

ለ1,800 አባል ትልቅ ሰርቨር (ዳታቤዙን የሚይዝ ዋና ኮምፒዩተር) አያስፈልግም። 16 ጊጋ ራምና ሁለት ኤስኤስዲ ዲስክ ያለው ሚኒ ፒሲ ከበቂ በላይ ነው። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ ይደረጋሉ። ይኸ ግን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም፤ በስሕተት የተደመሰሰ ነገር ከሁለቱም ላይ እኩል ይደመሰሳል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ሲገዛ በዕቃው ፍጆታ ይሰላ። ሚኒ ፒሲው 30 ዋት፣ ራውተርና ስዊቹ 20 ዋት ቢወስዱ በድምሩ 50 ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት 9 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 216 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ የሚባክነው ተቀንሶ 150 ያህሉ ይገኛል። ስለዚህ 3 ሰዓት ያቆያል፣ ባትሪው አዲስ እስከሆነ ድረስ። መብራት በሚደጋገምበት ቦታ ባትሪው በሁለት ዓመት ይደክማል፤ መለወጫው በበጀት ይያዝ። ሌዘር ፕሪንተር ከዩፒኤሱ ላይ ፈጽሞ አይሰካ፤ ወረቀቱን ሲያሞቅ በአንዴ ብዙ መቶ ዋት ስለሚስብ ዩፒኤሱን ይጥለዋል፣ ሰርቨሩም አብሮ ይወድቃል። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር ይያያዝና ባትሪው ሊያልቅ ሲቃረብ ሰርቨሩ በራሱ በሥርዓት እንዲዘጋ ይደረግ። በመስኮቱ ያሉት ሠራተኞች ዴስክቶፕ ከሚሆን ላፕቶፕ ይሁንላቸው፤ ባትሪው አብሮት አለ።

በክረምት መብረቅ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ላይ በውጭ ከተዘረጋ የመዳብ ገመድ የሚመጣ ጉልበት ስዊቹን ያቃጥላል። ቢሮው የመሬት ሽቦ እንዳለው ኤሌክትሪሺያን ይለካ፤ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሄድ ገመድ ካለ ፋይበር ይሁን።

አዘዞን በተመለከተ፦ ዳታቤዙ አንድ ይሁን፣ ፒያሳ፤ አዘዞ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተቆለፈ መስመር) ይግባ። ሁለት ዳታቤዝ አስቀምጦ ማታ ማታ ማዋሐድ ለትንሽ ማኅበር የማይወጡት ችግር ነው፤ አንድ አባል ጠዋት ፒያሳ፣ ከሰዓት አዘዞ ገንዘብ ቢያወጣ ሁለቱም ቢሮ ቀሪ አለው ብለው ይከፍላሉ።

ቀሃ_ማዶ | ጥር 16፣ ከጠዋቱ 2፡20

መስመሩ ሲቋረጥስ አዘዞ ምን ይሥራ? በጥምቀት ሰሞን የነበረውን መጨናነቅ ሁላችንም አይተናል።

ማራኪ_ኔት | ጥር 16፣ ከጠዋቱ 3፡00

ለዚያ ቀን ብቻ የሚወጣ የደረሰኝ ጥራዝ ይታተም፤ ቁጥሩ «አ» በሚል ፊደል ይጀምር፣ ከዋናው ጋር እንዳይደባለቅ። ገቢ ይቀበላሉ፤ ወጪ አይከፍሉም፣ ወይም ኮሚቴው በወሰነው ትንሽ ጣሪያ ብቻ ይከፍላሉ። መስመሩ ሲመለስ ደረሰኙ ይገባል። ሥርዓቱ ሁለት ቀን መያዝ አለበት፦ ገንዘቡ የተከፈለበትና ምዝገባው የገባበት። ወለድና ቅጣት በመጀመሪያው ይሰላል፤ ቁጥጥር በሁለተኛው ይደረጋል። አንድ ቀን ብቻ ካለው አባሉ በወቅቱ ከፍሎ ሳለ ቅጣት ይጣልበታል።

ጃንተከል_ሥር | ጥር 16፣ ከጠዋቱ 4፡10

የማራኪው ልጅ ልክ ብሏል። እኔ ደግሞ ከደመወዝ ተቀንሶ ስለሚመጣው ልጨምር፤ ከገቢው አብዛኛው በዚያ በኩል ነውና። ዝርዝሩን መስመር በመስመር የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል፤ ከኤክሴል በቀጥታ መጫን አለበት። ሲጫን ግን ሦስት ነገር ይረጋገጥ፦ የዝርዝሩ ድምር ባንክ ከገባው ጋር እኩል ነው? ሁሉም የአባል ቁጥር አለ? አንድ ወር ሁለት ጊዜ አልተጫነም? ሦስተኛው በጣም የተለመደ ነው፤ ሰውየው ጫነ፣ መብራት ሄደ፣ ተመልሶ ጫነ። ሥርዓቱ መሥሪያ ቤቱንና ወሩን ይዞ ሁለተኛውን መከልከል አለበት፤ ጭነቱም ወይ በሙሉ ይግባ ወይ ጨርሶ አይግባ። ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ በግምት ለሰው አይሰጥ፤ ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ ይቀመጥና በየወሩ ይጣራ። የዚያ ሂሳብ ቀሪ ከወር ወደ ወር እያደገ ከሄደ ከመሥሪያ ቤቱ ዝርዝሩን የሚልከው ሰው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ቁስቋም_7 | ጥር 16፣ ከቀኑ 6፡30

አዲስ ይሠራ ወይስ የተሠራ ይወሰድ ለሚለው፦ ከጥር እስከ ሐምሌ ከባዶ ለመጻፍ አይበቃም። ለመጻፍ ቢበቃም ለመፈተን አይበቃም። የምንጭ ኮዳቸው (የፕሮግራሙ ጽሑፍ) ማንም አይቶ እንዲያሻሽለው ክፍት የሆነ፣ ለአነስተኛ ብድር ተቋማት የተሠሩ አሉ፦ ማይፎስና መሠረቱ አፓቼ ፊነራክት። ወለዱን፣ ዋሱን፣ የሂሳብ መዝገቡን ይዘዋል። የሚቀረው የእኛን ቀን መጨመር፣ የአማርኛ ገጽና ደረሰኝ፣ እንዲሁም የደመወዝ ዝርዝር መጫኛው ነው፤ ያ ሥራ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፣ የቀን ጉዳይ በየገጹ ይመጣል። ከአገር ውስጥ ድርጅት ዝግጁ ሥርዓት ከተወሰደም መመዘኛው አንድ ነው፦ ያዘጋጃችኋቸውን 20 ምሳሌዎች በፊታችሁ አስገብተው ትክክለኛውን መልስ ያውጡ። በስላይድ የሚታይ ማሳያ አትቀበሉ።

ክፍያው በደረጃ ይሁን። ለምሳሌ ፍላጎቱ ሲፈረም 20 በመቶ፣ በማኅበሩ መረጃ ተጭኖ ሲታይ 30፣ ትይዩ ሥራው (አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ጊዜ) ያለ ልዩነት ሲዘጋ 30፣ ሥራ ከጀመረ ከሦስት ወር በኋላ 20። ከርክክቡ ጋር የዳታቤዙ ሙሉ የይለፍ ቃል፣ የምንጭ ኮዱ ወይም ኮዱን የመጠቀም መብት፣ እና ሌላ ባለሙያ አንብቦ ከባዶ ማሽን ላይ መትከል የሚችልበት ጽሑፍ በእጅ ይግባ። ይኸ በውሉ ካልተጻፈ ባለሙያው አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ የሄደ ቀን ማኅበሩ የራሱን መረጃ መክፈት ያቅተዋል።

ጃንተከል_ሥር | ጥር 16፣ ከቀኑ 8፡15

ትይዩ ሥራው ሦስት ወር ይሁን እላለሁ፦ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ።

ቁስቋም_7 | ጥር 16፣ ከቀኑ 8፡40

ጋሼ፣ ሦስት ወር ሙሉ በካርድም በኮምፒዩተርም ማስገባት ገንዘብ ያዦቹን ያዝላል። ሲደክሙ አንዱን ይተዋሉ፤ የሚተዉት ደግሞ አዲሱን ነው። አንድ ወር አይበቃም?

ጃንተከል_ሥር | ጥር 16፣ ከቀኑ 9፡05

እህቴ፣ ድካሙ ይገባኛል። ነገር ግን ቅጣት የሚታየው አባሉ በሁለተኛው ወር ሳይከፍል ሲቀር ነው፤ የተዘለለ ክፍያ በሦስተኛው ሲሟላ ደግሞ አከፋፈሉ ይፈተናል። አንድ ወር ብቻ ያየ ሥርዓት ቀና የሆነውን መንገድ ብቻ ነው ያየው።

ቁስቋም_7 | ጥር 16፣ ከቀኑ 9፡30

እሺ፣ እንዲህ ብንከፍለውስ? አዘዞ ትንሽ ስለሆነ ሚያዝያ 1 በዚያ ይጀመር፤ ግንቦትና ሰኔ ሁለቱም ቢሮ። አዘዞ ሦስት ወር መዝጊያ ያያል፣ ፒያሳ ሁለት። ስሕተቱም መጀመሪያ በጥቂት አባላት ላይ ይገኛል። ለፒያሳም ስድስት ያህል ተጨማሪ ሰው በተለይ ወር ሲዘጋ ይመደብ።

ጃንተከል_ሥር | ጥር 16፣ ከቀኑ 9፡45

ይኸ ይስማማኛል። በየወሩ መጨረሻ የሁለቱ ድምር ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ አባል ቀሪ ይነጻጸር። ልዩነት ከተገኘም አዲሱ ተሳስቷል ብላችሁ አትነሡ፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ኤክሴሉ ሆኖ ይገኛል።

አንገረብ_ዳታ | ጥር 16፣ ከምሽቱ 1፡20

እንግዲያው የአዘዞው የዞረ ሂሳብ በመጋቢት 30፣ የፒያሳው በሚያዝያ 30 ይቆረጣል። የማስገቢያውን ጉልበት አስሉት፦ አንድ አባል 6 ደቂቃ ቢወስድ 1,800 አባል 180 ሰዓት ነው፤ አንድ ብድር ከነዋሶቹ 12 ደቂቃ ቢወስድ 620ው 124 ሰዓት። በድምሩ 304። ሁለት ሰው ለየብቻ አስገብቶ ኮምፒዩተሩ የሚለያዩትን ያሳይ፤ አንድ ሰው ብቻ ያስገባው ቁጥር ላይ ስሕተት አይቀርም። ስለዚህ 608 ሰዓት። አራት ጸሐፊ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 26 የሥራ ቀን ይፈጃል። ከአንድ ወር በላይ ማለት ነው፤ በዓላቱን አትርሱ።

ከኤክሴሉ መረጃ በቀጥታ የምትወስዱ ከሆነ ቀኖቹን አትመኑ። ኤክሴል የእኛን ቀን እንደ ፈረንጅ ያነባል። «30/02/2014»፣ የጥቅምት 30 ቀን፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። «30/06/2014» ግን ጁን 30 ተብሎ በዝምታ ቀን ይሆናል። በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ያለ ኮምፒዩተር ደግሞ ጳጉሜን 5ን፣ «5/13/2014» የተባለውን፣ ሜይ 13 ያደርገዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ተሰልፎ ካያችሁ ይኸ ደርሶባችኋል፤ ያንን ዓምድ ከካርዱ እንደገና መጻፍ ነው የሚያዋጣው። በድሮ የግእዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ካለም ፎንቱ በሌለበት ማሽን ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ በማንኛውም ማሽን ወደሚነበበው ዩኒኮድ ወደተባለው አጻጻፍ ሳይለወጥ አይጫን።

ቀሃ_ማዶ | ጥር 17፣ ከጠዋቱ 2፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀረው ከሐምሌ 1 በኋላ ያለው ነው። ኮሚቴው «አንዴ ከገባ በኋላ ወጪ የለውም» ብሎ ነው የሚያስበው።

ቁስቋም_7 | ጥር 17፣ ከጠዋቱ 3፡20

ያን ሐሳብ ከአሁኑ አርሙት። ከግንባታው ዋጋ በየዓመቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለጥገና እንዲያዝ በበጀቱ አስገቡ። ወለዱ ይለወጣል፣ አዲስ የብድር ዓይነት ይመጣል፣ የሪፖርት ቅጹ ይቀየራል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ አሁን ኮምፒዩተር የሚገዛ ይኸን ይይ። ፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝም እያንዳንዱ ዋና እትሙ የሚደገፈው 5 ዓመት ነው።

ማስተካከያ ሁሉ በጽሑፍ ይጠየቅ፣ በኮሚቴ ይፈቀድ፣ መጀመሪያ በሥርዓቱ ቅጂ ላይ ይሞከር። በሚሠራው ሥርዓት ላይ ሐሙስ ከሰዓት በስልክ ትእዛዝ የተለወጠ ቀመር በወር መጨረሻ ነው የሚታወቀው፤ ያን ጊዜ 600 ብድር ላይ ተሠርቶበታል። አንድ የማኅበሩ ሠራተኛም የሥርዓቱ ኃላፊ ተብሎ ይሾም። ፕሮግራመር መሆን የለበትም፤ ብልሽት የሚመዘግብ፣ ባክአፑን የሚያይ፣ ከባለሙያው ጋር የሚነጋገር ይሁን።

ጃንተከል_ሥር | ጥር 17፣ ከጠዋቱ 4፡00

የሥራ ክፍፍሉ በኮምፒዩተሩም ይጠበቅ። ብድር ያጸደቀ ሰው ገንዘቡን አይክፈል፤ ገንዘብ የተቀበለ የራሱን ደረሰኝ አይሻር። የይለፍ ቃል ለየሰው ነው፤ ሻይ ልጠጣ ሲል ለጓደኛው የሚያቀብለው ከሆነ ጉድለት ሲገኝ ማንንም መጠየቅ አይቻልም። ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያው በለቀቀበት ቀን ይዘጋ፤ ስሙ ግን አይደምሰስ፣ የሠራቸው ምዝገባዎች በስሙ ይቆያሉ።

ማራኪ_ኔት | ጥር 17፣ ከቀኑ 7፡10

ባክአፕ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ። ማታ ማታ በራሱ ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳ፤ ዓርብ ዓርብ በተቆለፈ ውጫዊ ዲስክ ወደ አዘዞ ይሂድ። ዲስኩ ተሰክቶ አይዋል፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። ፍላሽ ለዚህ አይታመንም።

አባላት በአጭር መልእክት ቀሪያቸው እንዲደርሳቸው ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ በአማርኛ አንዱ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ በላቲን 160 ነው። ሰላምታውን አሳጥሩት፣ አለዚያ የሁለት መልእክት ሂሳብ ትከፍላላችሁ።

ቀሃ_ማዶ | ጥር 17፣ ከቀኑ 8፡00

ባክአፑ በትክክል መሥራቱ በምን ይታወቃል? «ተሳክቷል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ማየት ይበቃል?

አንገረብ_ዳታ | ጥር 17፣ ከቀኑ 8፡35

አይበቃም። ዲስኩ ሞልቶ ባዶ ፋይል እየተጻፈም «ተሳክቷል» ሊል ይችላል። በየሦስት ወሩ ዲስኩን ከአዘዞ አምጥታችሁ፣ ሰርቨሩ ባልሆነ ኮምፒዩተር ላይ መልሱት። ከዚያ አራት ነገር አነጻጽሩ፦ የአባላት ብዛት፣ የቁጠባ ድምር፣ የብድር ቀሪ ድምር፣ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር። ዲስኩ በተቀዳበት ዓርብ ማታ ከታተመው የቀን መዝጊያ ጋር መግጠም አለባቸው። ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉ፤ ሰርቨሩ ቢቃጠል ሥራ የሚቆመው ለዚያን ያህል ጊዜ ነው። ኃላፊውና አንድ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ይፈርሙበት።

ደግሞ ትንሽ የምትመስል አንድ ነገር፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ስትሞት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ኢንተርኔት ከሌለ በራሱ አይታረምም። የዚያን ቀን ደረሰኞች ሁሉ ባለፈ ቀን ይመዘገባሉ፣ ወለዱም ይዛባል። ሰርቨሩ ሲነሣ ቀኑ ከመጨረሻው ምዝገባ ቀድሞ ከተገኘ ሥርዓቱ አልከፍትም ይበል፤ ይኸን ከባለሙያው ጋር በውሉ አስገቡት። ባትሪዋን ከዩፒኤሱ ባትሪ ጋር በአንድ ቀን ለውጧት።

ቀሃ_ማዶ | ጥር 17፣ ከምሽቱ 1፡15

ለኮሚቴው የማቀርበው እንግዲህ ይኸ ነው፦ ከሰኞ ጀምሮ የካርድ ማስታረቅ፤ እስከ የካቲት 15 የደንብ ጥያቄዎቹና 20ው ምሳሌ፤ እስከ የካቲት 30 ሥርዓቱ በምሳሌዎቹ ተፈትኖ ይመረጣል፤ ከመጋቢት ጀምሮ መረጃ ማስገባት፤ ሚያዝያ 1 አዘዞ፣ ግንቦት 1 ፒያሳ። ሰኔ 30 ላይ የአባላት ቀሪ ካልገጠመስ?

ጃንተከል_ሥር | ጥር 17፣ ከምሽቱ 1፡50

ያልገጠሙት አባላት በስም ተለይተው ጥቂት ከሆኑ፣ ልዩነታቸው ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ ተይዞ ሐምሌ 1 ይጀመር። ምክንያቱ ያልታወቀ ከሆነ ግን ካርዱ ይቀጥል፤ ትይዩ ሥራው እስከ መስከረም ይራዘም። ይኸን መመዘኛ ኮሚቴው አሁን፣ በጥር ላይ ሆኖ በቃለ ጉባኤ ያስቀምጠው፤ ሰኔ 30 ማታ የሚወሰን ነገር አይደለም።